ውሃ የሚተኛበትን ፈልግ

በዚህ ወር የማወጋችሁ ስለ ጨዋታ ነው። የልጆች ጨዋታ ግን አይደለም። ሥራና ትዳር ያላቸው፣ የቤት ብድር የሚከፍሉ አዋቂዎች ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅረው፣ ከጣት የማይበልጥ የፕላስቲክ ወታደር ዓይን በቀጭን ብሩሽ ስለሚስሉበት ጨዋታ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝ «ምነው፣ ሥራ ፈታ እንዴ?» መባሉ አይቀርም። እንግሊዝ አገር ግን ይኸው ጨዋታ በለንደን የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ትልቅ ኩባንያ አቁሟል። እኔም ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ነገሩን መጀመሪያ ያየሁት በንግድ ዓይን ነበር። ቤታችን ከገባ በኋላ ግን ሌላ ነገር አሳየኝ።

ከጦር ሰፈር እስከ ሳሎን

በትንንሽ ምስሎች ጦርነት የመጫወት ታሪክ ረጅም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፕሩሺያ ጦር መኮንኖቹን በካርታና በትንንሽ ጠጠሮች ውጊያ ያለማምድ ነበር። ጨዋታውን ወደ ተራው ሰው ቤት ካስገቡት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 «ትንንሽ ጦርነቶች» የተባለ የጨዋታ ደንብ መጽሐፍ አሳተመ። የሚገርመው፣ ከአምስት ዓመት በፊት በ1908 የጀርመን የአየር መርከቦች ኒውዮርክን ሲደበድቡ የሚያሳይ ልብ ወለድም ጽፎ ነበር። ትንሹ ወታደርና የአየር መርከቡ ገና ከጠዋቱ አንድ ብዕር ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

የዛሬው ትልቁ አምራች ጌምስ ወርክሾፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ሦስት ጓደኛሞች ለንደን ውስጥ ሲመሠርቱት የሚሸጡት በእጅ የተሠራ የእንጨት ገበታ ነበር። በ1983 «ዋርሀመር» የተሰኘውን የጦርነት ጨዋታ አወጡ። አሁን ዋና መሥሪያ ቤቱ ኖቲንግሃም ከተማ ነው። በ2024 መጨረሻ ላይ በለንደን ገበያ ካሉት መቶ ትልልቅ ኩባንያዎች ተርታ ገብቷል።

እስቲ እንደ ነጋዴ አስቡት። ደንበኛው ውድ ዋጋ ከፍሎ የሚገዛው ያልተገጣጠመ፣ ያልተቀባ፣ ግራጫ ፕላስቲክ ነው። መቁረጡ፣ ማጣበቁ፣ መቀባቱ የራሱ የደንበኛው ሥራ ነው። ለመቀቢያው ቀለምና ለብሩሹ ደግሞ እንደገና ይከፍላል። ዩኒቨርሲቲ ስንማር «የደንበኛውን ድካም ቀንሱለት» ነበር የተባልነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን ድካሙን ራሱን ይሸጣሉ። በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት የዚህን ምስጢር በከፊል ነግረውናል። ሰው በገዛ እጁ ገጣጥሞ ለሠራው ዕቃ ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ በስዊድኑ የቤት ዕቃ መደብር ስም «የአይኪያ ውጤት» ብለውታል። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሥራው መጠናቀቅ አለበት። ጀምሮ ያልጨረሰው ሰው ያ ፍቅር አያድርበትም።

መርከቡ ቤታችን ሲደርስ

እንግሊዝ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ለእረፍት ሲመጣ ለአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ ይዞለት የመጣው ከዚሁ ኩባንያ የወጣ የአየር መርከብ ነበር። በጨዋታው ዓለም ውስጥ ካራድሮን የሚባሉ ጢማቸው የተንዠረገገ አጫጭር ሰዎች አሉ። ከተማቸው ሰማይ ላይ ነው፤ ከደመና መሀል ወርቅ መሰል ጋዝ እየለቀሙ የሚነግዱ ናቸው። ኩባንያው እነዚህን ያወጣቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። መርከባቸውን አየር ላይ የሚያቆመው ከላዩ ያለ ድቡልቡል የብረት ኳስ ነው።

ልጄ ድቡልቡሉን አልወደደውም። ስለ እውነተኛዎቹ የአየር መርከቦች አንብቦ ስለነበር እንደነሱ እንደ ሲጋራ የረዘመ ፊኛ ይሁንልኝ አለ። እውነት አለው፤ የጀርመኑ መኮንን የካውንት ዜፔሊን የመጀመሪያ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1900 በኮንስታንስ ሐይቅ ላይ ስትነሳ ቅርጿ ያው ነበር። የኋለኛዋ ሂንደንበርግ 245 ሜትር ትረዝም ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሚያበርረው ኤርባስ ኤ350-900 ከሦስት ተኩል እጥፍ በላይ ማለት ነው። ውስጧ ግን በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ስለነበር በግንቦት 1937 አሜሪካ ሌክኸርስት ላይ ስታርፍ ጋየች፤ 36 ሰው አለቀ። የአየር መርከብ የመንገደኛ ዘመንም በዚያው አከተመ።

በዚህ ጨዋታ ቋንቋ ከሳጥኑ የወጣውን ዕቃ እንዳለ ሳይሆን ቆርጦ፣ ከሌላ ነገር ጋር ቀጥሎ፣ የራስ አድርጎ መሥራት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ሰዎች ከእንቁላል ቅርጽ ፕላስቲክ፣ ከጠርሙስ፣ ከተሰበረ መጫወቻ መርከብ ያወጣሉ። እኛ አገር ይህ እንግዳ አይደለም። በቆርኪ ዳማ የተጫወተ፣ ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና የሠራ ትውልድ ነገሩን ያውቀዋል፤ ስም አላወጣለትም እንጂ።

«ቲነር ይበላዋል»

ስለ አባቴ ልንገራችሁ። አባቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት ባትላሜራና የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር። እኔን በቢዝነስ ያስመረቀኝ፣ ወንድሜን ባሕር ያሻገረው ያ ጋራዥ ነው። እኛን ግን አንድም ቀን መሣሪያ አላስያዘንም፤ «እናንተ እጃችሁ ንጹሕ ይሁን» ነበር የሚለው። ሥራ ካቆመ ወዲህ ከኛ ጋር ይኖራል። ኮምፕሬሰሩና ዕቃው ጓሮ ባለው ክፍል ተቆልፎበታል። እሱ ደግሞ ሬዲዮኑን ይዞ ሶፋው ጥግ ይቀመጣል፤ ሲጠይቁት ይመልሳል፣ ካልጠየቁት ዝም ነው። ቦታ ስለጠበበን ኮምፕሬሰሩን ለመሸጥ ተነጋግረን «ሽጡት» ብሎናል። ልጄ አያቱን የሚያውቀው ዜና የሚያዳምጥ ሰው አድርጎ ነው።

ወንድሜ ለፊኛው የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ቆርጠን እንቅረጸው፣ ከዚያ ስፕሬይ እንርጨው አለ። ከሶፋው ጥግ ድምፅ መጣ።

«ቲነር ይበላዋል።»

ሦስታችንም ዞርን። አባቴ ፊቱን ከሬዲዮው አላነሳም። ወንድሜ ቁራሽ ፎም ላይ ረጭቶ ሞከረው፤ ፎሙ እየተሸበሸበ ሟሸሸ። ነገሩ ቀላል ኬሚስትሪ ነው። ፎሙ የተሠራበትን ፖሊስታይሪን ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማሟሚያ ያቀልጠዋል። የመርከቡ ግራጫ ፕላስቲክም ከዚያው ዘር ስለሆነ የመኪና ቀለም በቲነር በጥብጦ መቀባት አይቻልም፤ በውሃ የሚበጠበጥ አክሪሊክ ነው የሚያስፈልገው። ለማጣበቂያው ግን ይኸው ጠባይ ይጠቅማል። የፕላስቲክ ማጣበቂያው ሁለቱን ጠርዝ በጥቂቱ አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል።

«ታዲያ በምን እንሥራው አባባ?» አለ ልጄ።

አባቴ ሬዲዮኑን ዘጋው። በማግስቱ ከሰፈራችን የቤት ዕቃ ቤት በቶርኖ የተቀረጸ የተሰበረ የወንበር እግር ይዞ መጣ። መሀሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ፤ ፊኛው ራሱ ነው። በልኩ ቆረጠው፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞላው፣ ለልጄ የብርጭቆ ወረቀት ሰጠው። «ዓይንህን አትመን፤ በጣትህ ዳብሰው። ዓይን ያላየውን ቀለም ያጋልጠዋል» አለው።

እንጨቱ ከባድ ነው፤ መርከቡ ደግሞ በቀጭን ዘንግ አየር ላይ ነው የሚቆመው። ሱፐር ግሉ ብቻውን አይችለውም፤ ሲደርቅ ድርቅ ስለሚል ሲመታ ይሰበራል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል በእጅ በሚዞር ቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳ አበጅተው የወረቀት ክሊፕ ሽቦ እንደ አጥንት አስገቡበት። መርከቡ ወደ ላይ ከብዶ እንዳይወድቅ ደግሞ መቆሚያው ሥር አሮጌ ዳዶዎች ተጣበቁ። ዳዶዎቹ የወጡት ከተቆለፈው ክፍል ነው። በሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተከፈተ።

ቀለም እንዴት ይቀባል?

ከዚህ በኋላ ሁለት ባለሙያዎች ተገናኙ። ወንድሜ የሚያውቀው በኖቲንግሃሙ ኩባንያ አቀባብ ነው፤ አባቴ በጋራዡ። የሚደንቀው ቅደም ተከተሉ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ማጽዳት። ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ የሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያ ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል፤ በስለት ጀርባ ተፍቆ ይነሳል። ካልተነሳ ቀለም ሲቀባ ጠባሳ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በሞቀ የሳሙና ውሃ መታጠብና በደንብ መድረቅ አለበት።

ሁለተኛው ፕራይመር ነው። ቀለም ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ በደንብ አይዝም፤ ፕራይመሩ መያዣ ይሰጠዋል። ስፕሬዩ ለፕላስቲክ ሞዴል የተሠራ መሆን አለበት። ከግቢ ውጭ፣ ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት፣ እጅን ሳያቆሙ በስሱ ይረጫል።

ሦስተኛው መደቡ ነው። ቀለሙ በውሃ ይቀጥናል፤ አንዴ ወፍራም ከመቀባት ሁለቴ ስስ መቀባት ይሻላል። ወፍራሙ ቀለም የምስሉን ጢምና ብሎን ሁሉ ይደፍነዋል። ፊኛውን አባቴ ብርማ ቀባው። ሂንደንበርግም ብርማ ነበረች፤ የጥጥ ልብሷ ላይ የተቀባው የአሉሚኒየም ዱቄት ያለበት ቀለም የፀሐይን ሙቀት ይመልስ ነበር።

አራተኛው ጥላ ነው። በጣም የቀጠነ ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም ሲፈስበት ስንጥቅና ጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል፤ ከፍ ያለው ቦታ ይጠራል። ሲደርቅ ደግሞ ብሩሹን ቀለም ነክሮ በጨርቅ እስኪደርቅ ጠርጎ ጠርዝ ጠርዙን ማሻሸት ነው። ያን ጊዜ ብሎኑ፣ ገመዱ፣ የመርከቡ አፍንጫ ሁሉ ብቅ ብቅ ይላል። መጨረሻ ላይ እጅ ሲነካካው እንዳይለቅ ቬርኒሽ ይለብሳል።

የዝገቱ ክርክር

ከቬርኒሹ በፊት አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ወንድሜ «አሁን ዝገት እንቀባበታለን፤ ያለዚያ አሻንጉሊት ነው የሚመስለው» አለ።

አባቴ ብሩሹን አስቀመጠ። «ምን ትቀባለህ?»

«ዝገት።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ዝገት ስፍቅ ኖሬ፣ ዛሬ ዝገት ልቀባ ነው?»

ልጄ ሊያስታርቅ ገባ። «አባባ፣ መርከቡ እኮ ብዙ ጦርነት ያየ ነው።»

«ካየ ታዲያ ባለቤቱ ለምን አያስጠግነውም?»

ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም። ያን ማታ ሥራው በዚያው ቆመ። ለአባቴ ዝገት ጌጥ አይደለም። የሰው መኪና ሥር ተኝቶ ፊቱ ላይ የረገፈ፣ ሳንባው የገባ፣ የኛን የትምህርት ቤት ክፍያ ያመጣ ነገር ነው። ሌላው በገንዘብ ገዝቶ ለውበት ሲቀባው ማየት ቀላል አልሆነለትም። ወንድሜም ይህን ሲረዳ «ይቅር፣ አዲስ ይምሰል» አለ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ልጄን አስከትሎ ወደ ግቢያችን የብረት በር ወጣ። እኔ ለሥራ ስወጣ ሁለቱ ከበሩ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«ይኸውልህ፣ ዝገት የትም አይጀምርም» ይለዋል። «እላይ ንጹሕ ነው አይደል? ውሃው ወርዶ የሚተኛው እዚህ ነው። ብየዳው ላይ፣ ብሎኑ ሥር፣ ቀለሙ የተነሳበት ጋ። መሀሉ አሮጌ ስለሆነ ጠቁሯል፤ ዳሩ አዲስ ነው፣ ብርቱካን ይመስላል። ሲወርድ ደግሞ እንደ እንባ ነው። መኪናም ሲመጣልህ መጀመሪያ ውሃ የሚተኛበትን ፈልግ።»

ማታ ልጄ መርከቡን አገላብጦ ውሃ የሚተኛበትን ሲፈልግ አመሸ። የመርከቡ ወለል ጠርዝ፣ የመስኮቶቹ ሥር፣ መልሕቁ የሚንጠለጠልበት ቦታ። በቁራሽ ስፖንጅ መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ ነካ ነካ አደረገ፣ ዳር ዳሩን በጥቂት ብርቱካንማ ከበበው፣ ከብሎኖቹ ሥር ቀጭን መስመር ወደ ታች ሳበ። አባቴ ከጎኑ ሆኖ «በዛ»፣ «እዚያ ውሃ አይደርስም»፣ «እሱ ጥሩ ነው» ይላል። ወንድሜ ዓመታት የቀባ ሰው ነው፤ «እንዲህ ያለ ዝገት ቀብቼ አላውቅም» አለ። አባቴ ግን እስከ መጨረሻው ዝገቱን በእጁ አልቀባም።

ኮምፕሬሰሩ ባለፈው ወር ተሸጠ። የገዛው ጋራዥ የሚከፍት ወጣት ነበር፤ አባቴ ግማሽ ቀን አብሮት ቆሞ አሠራሩን አሳየው። የቀለም መርጫውን ግን «ይኼ አይሸጥም» ብሎ አጥቦ በጨርቅ ጠቅልሎ መልሶ አስቀመጠው።

እናንተም ብትሞክሩ

ይህን ጨዋታ ለመሞከር ከውጭ የሚመጣ ሳጥን የግድ አይደለም፤ ዋጋው በፓውንድ ስለሆነ ለብዙ ቤት አይመከርም። ካርቶን፣ የእስክርቢቶ ክዳን፣ የእንጨት ቁራጭ፣ ሽቦና ትንንሽ የአክሪሊክ ቀለሞች ይበቃሉ። የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች የሚሸጡት ቀለም ለካርቶንና ለእንጨት ጥሩ ነው። ለትንሽ ሥራ ሁለት ብሩሽ በቂ ነው፤ አንዱ ጫፉ የሾለ፣ ሌላው ለማሻሸት የሚሆን አሮጌ።

ጥንቃቄው ግን አይዘለል። ስለት የአዋቂ ሥራ ነው፤ ሁልጊዜም ከሰውነት ወደ ውጭ ይቆረጣል። ስፕሬይ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ከእሳት ርቆ ነው የሚረጨው። እንጨትና ስቱኮ ሲፈቀፈቅም አቧራው ወደ ሳንባ እንዳይገባ ጭምብል ያስፈልጋል። ሱፐር ግሉ ጣት ካጣበቀ በኃይል አትሳቡ፤ በሞቀ የሳሙና ውሃ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ አላቁት። ትንንሽ ቁርጥራጮች ከሕፃን እጅ ይራቁ።

ጊዜውን ደግሞ ትንሽ ትንሽ አድርጉት። እኛ ቤት በቀን ከአንድ ሰዓት አይበልጥም ነበር፤ ቀለም እስኪደርቅ መጠበቁ ራሱ ትምህርት ነው። ስልክ ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም፤ ለነገሩ እጅ ቀለም ሲሆን ስልክ አይነካም። ከሁሉ በላይ የጀመራችሁትን ጨርሱት። ትንሽ ነገር መርጦ መጨረስ ትልቅ ጀምሮ ከመተው ይበልጣል።

ሥራውን ስታስቡ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ባለሙያ አስታውሱ። ልብስ ሰፊ የነበሩ አያት ትንሿን ሸራ ከማንም በላይ ይሰፏታል። አናጢ የነበረው አጎት፣ ሸማኔው፣ ሸክላ የሚሠሩት የሰፈር እናት፣ ሁሉም ልጆቻችን ኢንተርኔት ላይ የሚፈልጉትን ነገር በጣታቸው ያውቁታል። ብዙዎቹ ዕውቀታቸው ከጡረታ ጋር ያበቃ ይመስላቸዋል፤ እኛም በአክብሮት «ይረፉ» እያልን ዝም እናሰኛቸዋለን። ምክር ስጡን ማለት ብቻ አይበቃም። የሚያስፈልጋቸው ጥያቄ ያለበት ሥራ ነው፤ ልጅ ጨንቆት «ታዲያ በምን እንሥራው?» ብሎ የሚጠይቅበት ሥራ።

ሠርታችሁ የጨረሳችሁትን ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩልን ደስ ይለናል፤ አብሯችሁ የሠራውን አዛውንት ሙያም መጻፍ እንዳትረሱ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።